የሱቅ አል መናኽ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1982 በኩዌት የደረሰ የገበያ ቀውስ። ሱቅ አል መናኽ ከሕጋዊው የአክሲዮን ገበያ ውጭ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የደራ መገበያያ ነበር። በዋናነት የሚሸጡበት በባሕሬንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮኖች ነበሩ፤ ከኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ከወረቀት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም።

ግብይቱ የተመሠረተው ወደፊት የሚመነዘር ቀን በተጻፈባቸው ቼኮች ላይ ነው። ገዢው በእጁ ገንዘብ ባይኖርም ከወራት በኋላ የሚከፈል ቼክ ይጽፋል፤ ለሻጩም ከዕለቱ ዋጋ በላይ ይጨምርለታል። ቀኑ ሳይደርስ አክሲዮኑን በውድ ሸጦ ዕዳውን ለመሸፈን ያስባል። ዋጋው እስከጨመረ ድረስ ሁሉም ባለጸጋ ነበር። ቼክ በሕጉ መሠረት ከቀኑ በፊትም ሊቀርብ መቻሉን ግን ብዙዎች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በኦገስት ለክፍያ የቀረቡ ቼኮች ደረቅ ሆነው ሲመለሱ ድንጋጤው ባንድ ጊዜ ተዛመተ።

የቼኮቹ ድምር 94 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። አንዱ አክሲዮን በብዙ እጅ በመዟዟሩ የተጣራው ዕዳ ከዚህ ያንሳል፤ ይሁንና የተበዳሪውን ማንነት መለየት ራሱ ዓመታት ፈጀ። አክሲዮኑን ቀድሞ ሸጦ የወጣ ተራ ቆጣቢ እንኳ የያዘው ቼክ ስለነበር አብሮ ከሰረ። መንግሥት ለአነስተኛ ባለገንዘቦች የካሳ ፈንድ አቋቋመ፤ “አነስተኛ” የተባለው እስከ 2 ሚሊዮን ዲናር መሆኑ የዘመኑን ቅብጠት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1977 ለደረሰው የአክሲዮን ገበያ ኪሳራም መንግሥት ደርሶ ስለነበር፣ ያ ድጎማ የገበያተኞቹን ድፍረት ሳያባብሰው አልቀረም።