አሮጌ ላንድሮቨር ከመግዛት በፊት የሚደረግ የዝገት ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ ሀገር መመረት የጀመረው ላንድሮቨር የውጭ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ እንደ ብረት አይዝግም። ሸክሙን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ስለሆነም ቀለሙ ያማረ ተሽከርካሪ ከሥሩ በዝገት የተበላ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት የሚበዛበት በመሆኑ፣ የሳሳ ሻንሲ ወይም የዛገ የፍሬን ቱቦ የሚያስከትለው ጉዳት ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ ነው።

የዝገቱ መንስኤ

ሻንሲው ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን መሰል ቅርጽ አለው። በደጋው ረጅም ክረምት ከጎማ የሚረጭ ውኃና ጭቃ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚጠራቀም ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። በውጭ በኩል ቀዳዳ ሲታይ ጉዳቱ ቀድሞ የተስፋፋ ነው።

ሊመረመሩ የሚገባቸው ክፍሎች

1. የሻንሲው የኋላ አግዳሚ ብረትና ወደ ጎን የሚወጡት ድጋፎች፤
2. ባሌስትራ የሚታሰርባቸው ቦታዎች፤
3. የሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል የሚለየው የብረት ግድግዳ፣ በተለይም የላይኛው ማዕዘኖቹና የእግር ማሳረፊያው ወለል፤
4. የፍሬን ቱቦዎች፤
5. አሉሚኒየምና ብረት የሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች፤ ነጭ ዱቄት መታየቱ አሉሚኒየሙ እየተበላ መሆኑን ያመለክታል።

የአመራረመር ሥርዓት

ተሽከርካሪው ታጥቦ በጋራዥ የመመርመሪያ ጉድጓድ ላይ ሊቆም ይገባል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ለሕይወት አስጊ ነው። ባለንብረቱ ሲፈቅድ ሻንሲው በትንሽ መዶሻ በየቦታው ይመታል፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በካቻቢቴ ሲነካ የሚሰረጉድ ብረት የሚታመን አይደለም። ማግኔት አሉሚኒየምን ስለማይስብ በውጭ አካሉ ላይ አያገለግልም፤ በብረቱ ግድግዳ ላይ ግን በስቱኮ የተሸፈነ ቀዳዳን ያጋልጣል። በቅርቡ በሬንጅ ወይም በጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ የተደበቀ ብየዳ ሊኖረው ስለሚችል ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የሰነድ ማመሳከር

በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ፣ ከተፋቀ ወይም ሻንሲው ከተለወጠ፣ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ተሽከርካሪውን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ የቴክኒክ ምርመራ የሚደረግለት ቢሆንም፣ ቦሎ መለጠፉ የገዢውን የራስ ምርመራ አይተካም።

ውሳኔ

የወለል ወይም የአንድ ድጋፍ ዝገት በብቁ በያጅ ሊጠገን ይችላል፤ ወጪውም ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ መደራደር ይቻላል። ዋናው ሻንሲ በብዙ ቦታ ከተበላ ግን ግዢውን መተው ይመረጣል።