ተራው የማን ነው?

ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ የመታው ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን ያሰጠማት ግን ነፋሱ ሳይሆን የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ተደርምሰው የገባው ውሃ ነው፤ 80 በመቶ ያህሏ ተጥለቀለቀች። የሆስፒታሎቹ መከራም የጀመረው ያኔ ነው። የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ወይም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው በበርካታዎቹ የተቀመጠው ምድር ቤት ወይም መሬት ላይ ነበራ! ጎርፍ በሚያሰጋው ከተማ፣ ጎርፍ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ።

ቻሪቲ የሚባለው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1736 የተመሠረተ የድኻ መጠጊያ ነበር። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚሄደው እዚያ ነው። መብራት ሲጠፋ የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ ቆሙ፤ ነርሶችና ሐኪሞች እየተፈራረቁ ፊኛ በእጃቸው እየጨመቁ በሽተኞቹን ያስተነፍሱ ጀመር። ሊፍት የለም፤ በጨለማ ደረጃ በሽተኛ መሸከም ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቱሌን ግን የግል ኩባንያ ሆስፒታል ነበርና ኩባንያው ሄሊኮፕተር ተከራይቶ የራሱን በሽተኞች ያወጣ ገባ። የቻሪቲዎቹ መንግሥትን ጠበቁ። ኋላ በጀልባ ተጭነው ወደ ቱሌን የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ተወሰዱና እዚያ ተራ ያዙ። ወጥተው እስኪያልቁ ዓርብ ደረሰ። ልብ በሉ፣ አውሎ ነፋሱ የመታው ሰኞ ነው። ቻሪቲ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ሆኖ አልተከፈተም።

ተራ ካልን አይቀር፣ የከበደው ጥያቄ የተነሣው ሜሞሪያል በተባለው ሌላ ሆስፒታል ነው። የናፖሊዮን ሐኪም ላሬ በጦር ሜዳ የጀመረው ደንብ ማዕረግ ሳይለዩ የባሰበትን ማስቀደም ነበር። ሜሞሪያል ውስጥ ግን እጅግ የታመሙትና «ልቤ ከቆመ አታስነሡኝ» የሚል ሰነድ ያላቸው መጨረሻ እንዲወጡ ተወሰነ። ለምን ቢባል፣ ሄሊኮፕተሩ ጥቂት፣ ጉልበቱም ያለቀ ነበር። ይህን ከሩቅ ሆኖ መኮነን ቀላል ነው። እኔ ግን አልደፍርም።

ውሃው ሲጎድል ከሆስፒታሉ 45 አስከሬን ተገኘ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. አንዲት ሐኪምና ሁለት ነርሶች በሽተኞችን መድኃኒት ወግተው ገድለዋል ተብለው ታሰሩ። በዓመቱ ለውሳኔ የተሰየሙት ዜጎች ሐኪሟ እንድትከሰስ ሳይፈቅዱ ቀሩ፤ በነርሶቹም ላይ ክሱ አልቀጠለም። ኤሌክትሪኩን ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ በመተው የታሰረ ሰው ግን የለም። ያ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ክስ ቀርቦ፣ የሆስፒታሉ ባለቤት የነበረው ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ በስምምነት ተዘጋ።