በሌዘር ልኬት የሩቅ ነጥቦች አወጋገድ ታሪክ

የማሽን ክፍሎችን በሌዘር ለመለካት በሚያገለግለው የተለመደ ዘዴ፣ ጨረሩ በክፍሉ ገጽ ላይ ያረፈበትን ቦታ አንድ ካሜራ ከጎን ተመልክቶ ርቀቱ በሦስት ማዕዘን ስሌት ይወጣል፤ ውጤቱም የእያንዳንዱ ነጥብ ቦታ በሦስት ቁጥሮች የሚመዘገብበት፣ «የነጥብ ደመና» የሚባለው ስብስብ ነው። ይሁን እንጂ ወደዚህ ስብስብ ክፍሉ ያረፈበት ጠረጴዛ፣ የያዘው መቆንጠጫና ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ፣ ከዚያም አልፎ ከሚያብረቀርቅ ብረት የነጠረ ብርሃን የወለዳቸው፣ በእውን የሌሉ ነጥቦች አብረው ይገባሉ።

የራቀ ውሂብ መቼ ይጣል የሚለው ክርክር ግን ሌዘር ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የተነሣ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1852 አጠራጣሪ የሥነ ፈለክ ምልከታዎችን ለመጣል የሚያስችል፣ በፕሮባቢሊቲ ላይ የተመሠረተ መስፈርት ሲያወጣ፣ በእንግሊዝ የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ሊቅነት ማዕረግን የያዘው ጆርጅ ኤሪ በ1856 በጽሑፍ ተቃወመው።

ጥያቄው በኮምፒውተር ዘመን ይበልጥ በረታ፤ ምክንያቱም ከነጥቦቹ ጋር የሚስማማውን ገጽ ለማግኘት የተለመደው ስሌት የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት በራሱ አባዝቶ ስለሚደምር፣ 10 እጥፍ የራቀ አንድ ነጥብ 100 እጥፍ ክብደት አግኝቶ ገጹን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ማርቲን ፊሽለርና ሮበርት ቦልስ በ1981 ያሳተሙት ዘዴ ይህን አካሄድ ገለበጠው፦ ከሁሉም ነጥቦች ከመጀመር ይልቅ ጥቂቶችን በዕጣ መርጦ መላምት ይሠራል፣ ከመላምቱ ጋር የሚስማሙትን ይቆጥራል፣ ይህንንም ደጋግሞ ብዙ ደጋፊ ያገኘውን ይዞ የቀሩትን ይተዋል። በ1994 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ግሬግ ተርክና ማርክ ሌቮይ ከተለያየ አቅጣጫ የተወሰዱ ስካኖችን ሲያጋጥሙ፣ ከተወሰነ ርቀት በላይ የተራራቁ ጥንዶችን ከስሌቱ አስወጡ፤ ጎረቤት ነጥቦችንም ርቀታቸው ከወሰኑ ካለፈ በአንድ ገጽ ላይ አላገናኟቸውም።

እነዚህ ዘዴዎች ታላቅ እፎይታ ቢሆኑም፣ ርቀት ብቻውን የስሕተት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የርቀት ወሰኑ ከልክ በላይ ሲጠብ ከጠረጴዛውና ከግድግዳው ጋር የክፍሉ እውነተኛ ጉድለት፣ ማለትም መርማሪው የሚፈልገው ስርጉድና እብጠት፣ አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ የሚለካ ሁሉ ጥሬውን ስካን ሳይነካ ሊያስቀምጥና የጣለበትን ወሰን ከውጤቱ ጋር ሊመዘግብ ይገባዋል።