አዋጅና አስፈጻሚ

ልጆቼ ሆይ፤ ክፉ ሥራ በአዋጅ ይከለከላል እንጂ በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። የአገራችን የባሪያ ንግድ ታሪክ ይህን በግልጥ ያስተምረናል።

እናንተ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፣ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚሁ በምሥራቅ ጐጃም፣ በየጁቤ አጠገብ፣ ባሶ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበረ። ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከአካባቢው የሚመጡ ነጋዴዎች ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ ሰውንም ያቀርቡበት ነበር። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው በአሞሌ ጨው ተለወጠ፤ ወደ ጐንደርና ወደ ምጽዋም ተነዳ።

ነገሥታቱ ዝም አላሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ከለከሉ፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋራ ባደረጉት ውል ሊያስቀሩት ቃል ገቡ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ደንብ አወጡ። ዳሩ ግን ደንቡን እንዲፈጽሙ ከታዘዙት ሹማምንት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ ባሪያዎች ስለ ነበሩ፣ ነገሩ ሥጋን ለጅብ አደራ እንደ መስጠት ሆነ። ስለዚህ በ1924 ዓ.ም. ይህን ሥራ ብቻ የሚመለከት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የጠላት ወረራ ካለፈ በኋላም በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ።

ሆኖም ነጻ የወጣው ሰው መሬትም ሙያም አልነበረውምና፣ ብዙው እንጀራ ፍለጋ በቀድሞ ጌታው ቤት ሎሌ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ሁለት ነገር ጐድሎ ነበር፤ አንደኛው በአንድ ልብ የሚሠራ አስፈጻሚ፣ ሁለተኛው ለተፈታው ሰው መቋቋሚያ።

ዛሬ ደላላ ሰውን የሚያስረው በገመድ ሳይሆን በተስፋ ነው። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሊቢያ፣ ሌላውንም ወደ ዓረብ አገር ይልካል። በሰው መነገድን የሚከለክሉት የ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909 እና እርሱን የተካው የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1178 ወንጀለኛው እንዲቀጣ ብቻ ሳይሆን ተጐጂው እንዲጠበቅና እንዲቋቋምም ያዝዛሉ። ፖሊሱ ደላላውን ቢይዝ፣ ዳኛው ቢፈርድ፣ የተመለሰችውን ልጅ ግን የሚያሳክምና ሥራ የሚያስይዝ ከሌለ፣ ሌላው ደላላ በሯ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። የደላላን ቃል ከማመናችሁ በፊት በወረዳችሁ የሥራ ጉዳይ ቢሮ ጠይቁ። ባዶ እጇን በተመለሰች እኅታችሁም አትሳለቁ። መንግሥት ቢሮ ይከፍትላት ይሆናል፤ የጐረቤትን በር የሚከፍትላት ግን ጐረቤት ነው።