እንቁጣጣሽ በወንዝ ማዶ

ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይቺን ሰላምታ እንደ ዋዛ አትዩአት። የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱ ይሆናል፣ መስከረም ላይ ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ቃል «ከረመ» የሚለው ነበር። ክረምትን አሳለፈ ማለት ነው። ዛሬ ሁለት ሳምንት ያልተያየ ሰው ሁሉ «የት ከረምክ?» ይባባላል፤ መነሻው ግን ዝናቡ ነው። ሰኔ ላይ የተለያየ ዘመድ ወንዝ እስኪጎድል አይገናኝም። ሲገናኝ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ያን ጨለማ እንዴት እንዳለፈው ነው።

የነገሥታቱ ዜና መዋዕልም በዚሁ ቃል ነው የሚቆጥረው፦ ንጉሡ ዘንድሮ የት ከረመ? በበጋ ሲዘምት የቆየ ሠራዊት ዝናብ ሲጥል አንድ ቦታ ይሰፍራል። ጎንደርን አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም (በፈረንጅ 1636) ሲቆረቁሯት ከዚሁ የመክረሚያ ሰፈር ልማድ ነው የወጣችው። ከሷ በፊት ጉዛራ ነበረ፣ ጎርጎራና ደንቀዝም ነበሩ። ቱሪስት ስናስጎበኝ ስለ ግንቡና ስለ ኖራው ብዙ እናወራለን፤ ከተማዋ መጀመሪያ ከዝናብ መጠጊያ መሆኗን ግን እንረሳዋለን።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚያልቀው መስከረም 25 ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ገና ክረምት ውስጥ ነው። ሬዲዮው «ክረምቱ አልፎ» ይላል፣ አደይ አበባውም ፈክቷል፤ ወንዙ ግን ሬዲዮ አይሰማም። በሰሜኑ ደጋ ዘመን መለወጫን ከወላጆቹ ጋር ለመዋል የተነሣ ሰው ስንቱ ከወንዝ ዳር እንደተመለሰ የጻፈው የለም።

የተጻፈ ላምጣ ካላችሁኝ፣ የ1762 ዓ.ም ክረምት አለ። ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ላይ ጠላት ሲበዛባቸው፣ ወጣቱን ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን ይዘው ተከዜ ሳይሞላ ወደ ትግራይ ተሻገሩ። ወንዙ ከኋላቸው ሞላ። በዚያው ክረምት ጎንደር ላይ ሱስንዮስ የተባለ ሌላ ንጉሥ ነገሠ። ራስ ሚካኤል የተመለሱት በበጋው፣ ተከዜ ከጎደለ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ የ1763 እንቁጣጣሽ ሲብት አገሩ ሁለት ንጉሥ ነበረው፣ መካከሉ ላይ ደግሞ የደፈረሰ ውኃ። ታሪክ የሚያወራልን ስለ ሁለቱ ዘውዶች ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ራስ ሚካኤልን ተከትሎ የተሻገረው ወታደር ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ጎንደር ቀርተው ከሆነ ያን በዓል ማን ለማን አበባ ሰጠ?

ይህን ያቆየልን ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ያን ጊዜ ጎንደር ነበር፤ በእቴጌ ምንትዋብ ጥላ ሥር ቁስቋም ተቀምጦ ዝናቡን ሳይቀር ለካ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 35 ኢንች፣ በሁለተኛው ወደ 41 ኢንች። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ግን አንድ ነገር ላይ ተሳስቷል። በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ የለም ብሎ ተከራከረ። ከ40 ዓመት በኋላ ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ መጥቶ በዓይኔ አየሁት አለ። ሁለቱም ሳይወለዱ በፊት ግን ነገሩ ድንጋይ ላይ ሰፍሯል። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ ሰሜኖችን እንደወጋ፣ አገራቸውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለበት ይናገራል። ወንዝና በረዶ ያኔም አብረው ነው የተጻፉት።

የአዱሊሱን ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ ሳነበው ብዙም አልተደነቅሁም። ምክንያቱ ይኸው ነው።

የአባቴ አገር ከቧሂት ማዶ፣ አምቢቋ በኩል ነው። አባቴ ጎንደር አስተማሪ ነበሩ። ለ1961 እንቁጣጣሽ አያቴን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ተነሡ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደባርቅ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግርና በበቅሎ። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ጭነታችን ቡና፣ ስኳር፣ ጨው፣ ለአያቴ ደግሞ እናቴ ፈትላ ያሠራችው አዲስ ጋቢ። ቧሂትን ስንወጣ በረዶ ጣለብን። ጠጠሩ አልፎ የደቀቀው እንደ ዱቄት ተነጥፎ ቀረ፤ በቅሎዋ አልራመድ አለች። አባቴ ጋቢውን ከጭነቱ አውጥተው እኔን ጠቀለሉኝና «ለእናቴ እንዳትነግራት» አሉኝ።

ጳጉሜን 5 ከሰዓት በኋላ ጭሮ ለባ ደረስን። ከታች መሸሃ ይጮኻል። መሸሃ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ረግጠህ የምታልፈው ወንዝ ነው። ያን ቀን ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። የአገሩ ሰዎች አባቴን እየው ብለው ብቻ ዝም አሉ። በጉልበት የሚሻገር አልነበረም፤ የሚሞክርም የለም።

ሲመሽ ማዶ ችቦ ተለኮሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዳገቱን ሙሉ። አባቴ በጣታቸው እያሳዩኝ «ያቺ ከዛፉ በታች ያለችው የእናቴ ደጅ ናት» አሉ። ከዚያ ተጣሩ። በኛ አገር ሰው ከተራራ ተራራ ይጠራራል፣ ድምፅ ይሻገራል። የዚያን ማታ ግን ወንዙ ድምፁንም በላው። ሦስት ቀን ጠበቅን። ያሳደረን ሰው ቤት ጠላውም ገብሱም ነበረ፣ ዶሮም ታረደልን፤ አባቴ ግን እህል አልወረደላቸውም። በአራተኛው ቀን ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ብለው ተመለስን።

ለመስቀል ፈቃድ ጠየቁ፣ አልተሰጣቸውም። ኅዳር ላይ ገበያ የወጣ ዘመድ ጎንደር ድረስ መጥቶ መርዶ ነገረን። አያቴ እንቁጣጣሽ ማታ ደጅ ወጥተው ችቦ የለኮሱት በራሳቸው እጅ ነው አሉን፤ እኛ ማዶ መቆማችንን ሳያውቁ።

ዛሬ መንገዱ ተሻሽሏል፣ ስልክም አለ። ክረምቱ ግን አልተሸነፈም። ነሐሴ 2016 ጠለምት ላይ መሬት ተንሸራትቶ ሰው ገድሏል። ደግሞ እንደምታውቁት መንገድ የሚዘጋው ውኃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት፤ ውኃ ቢያንስ መስከረም ሲያልቅ ይጎድላል።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቤታችን እንቁጣጣሽ ላይ ዶሮ አይሠራም። ጠዋት ቡና ይፈላል፣ ልጆች አበባ ይሰጣሉ፣ በቃ። ዶሮው የሚታረደው ለመስቀል፣ ሁሉም ሲሰበሰብ ነው። ልጆቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» እላቸው ነበር። ዘንድሮ ሙሉውን ነገርኳቸው፣ ለናንተም ጻፍኩት።

በናንተስ አገር እንቁጣጣሽን የሚያግደው ወንዝ የትኛው ነው? ስሙን ጻፉልኝ። የሰሜንና የወገራ ልጆች በተለይ እናንተን ነው።