ከልጓም እስከ ፍሬን፦ በሳሪስ ጋራዥ የተፈተኑ ስያሜዎች

በደብረ ዘይት መንገድ፣ በሳሪስ ከሚገኙት ጋራዦች በአንዱ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከእንግሊዝኛ የተረጎመው የአንድ ገጽ መመሪያ በሥራ ላይ ሲፈተን ለማየት ዕድል አግኝቶ ነበር። መመሪያው በአሮጌ ቮልስዋገን የፊት ጎማዎች ላይ፣ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ አምራች ያወጣውን የፍሬን ታምቡር ስለ መግጠም የሚያስረዳ ነው። በውስጡ «የግራ ጥርስ» የሚል ሐረግ ነበረበት። ተርጓሚው ሊል የፈለገው «ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ጥርስ» ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ግን «በግራ ጎማ በኩል ያለ ጥርስ» ብሎ ተረዳና ዳዶውን እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሊፈታ ቁልፉን ተጫነ። አለቃው «ተው አንተ ልጅ! ይኼኛው በቀኝ ነው የሚፈታው» ብለው ባይደርሱለት ኖሮ ጥርሱ በተበላ ነበር። የቮልስዋገን የግራ ፊት ጥርስ የተገለበጠው፣ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶውን እንዳያላላው ነው። ስሕተቱ የሠራተኛው ሳይሆን የተርጓሚው ነበር። ይህም የፍሬን ስያሜዎች ከየት እንደ መጡና ስለ ምን እንደ ጸኑ ለመመርመር ምክንያት ሆነ።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው እንግሊዛዊው ቤንትሊ ነው። ሆኖም የጋራዥ ቋንቋችን መልኩን የያዘው ከጥቂቶቹ የቤተ መንግሥት መኪናዎች ይልቅ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዘመን በብዛት ከገቡት የጭነት መኪናዎችና ከጥገና ሥራቸው ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ ሁሉ መነሻቸው ጣልያንኛ ነው። ቃላቱ ግን እንደ ገቡ አልቀሩም፤ «ኩሺኔቶ» የመጨረሻ አናባቢውን ለውጦ ኩሽኔታ፣ «ቡሎኔ» የመጨረሻ አናባቢውን ጥሎ ብሎን ሆነ። «ፍሬኖ»ም በዚሁ መንገድ ፍሬን ተባለ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰው የምድር ባቡር ጋር የገባው ፈረንሳይኛም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ቃል ስላለው፣ ስያሜው ከሁለት ወገን ተደግፎ የጸና ሊሆን ይችላል።

የጣልያንኛውም የፈረንሳይኛውም ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ በላቲን «ፍሬኑም» ማለት ልጓም ነው። እንግዲህ እኛ «ፍሬን» ስንል ሳናውቀው «ልጓም» እያልን ነው። አማርኛም ዝምድናውን በራሱ መንገድ አግኝቶታል፤ ቀድሞ ልጓም ያጣ አንደበት ይባል እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬ አፉን ለማይገታ ሰው «ፍሬን የለውም» ይባላል። መኪና ማቆም ሲሳነው ደግሞ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። በዘይት ግፊት ለሚሠራ ፍሬን አነጋገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ቮልስዋገን በርካሹ ሞዴሉ ላይ እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ድረስ በገመድ የሚሳብ ፍሬን ይገጥም ነበር። ገመድ ደግሞ ይበጠሳል።

«የፍሬን ሸራ»ም እንዲሁ የዘመኑን አሻራ የያዘ ይመስላል። ዛሬ ታምቡሩን ከውስጥ የሚፈትገው ክፍል ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፤ ቀደም ባለው ጊዜ ግን በእውነት የተሸመነ ነገር ነበር። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ከጥጥና ከጠጉር ነው፤ አስቤስቶስን የተጠቀመው በኋላ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ሲለወጥ ስሙ ቀረ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ቃል «ትክክል አይደለም» ብሎ ሊሰርዘው አይገባም።

ታምቡርን «ከበሮ» ብሎ ለመተካት መፈለግ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከበሮ በሁለት ወገን ቆዳ የተወጠረበት፣ ከላይ የሚመታ ነው። የፍሬን ታምቡር በአንድ ወገን ክፍት ሆኖ ሥራው በውስጥ ገጹ ነው። «የጆሮ ታምቡር» የሚለው አጠራር የተለመደ በመሆኑም ቃሉ ለአማርኛ ባዕድ መሆኑ ቀርቷል።

ታምቡሩን የሚሸከመውን አጭር ዘንግ እንግሊዝኛ የሚጠራው በፈታይ እንዝርት ስም ነው። «እንዝርት» የሚለው ቃላችን ያምራል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመጀመሪያ የመረጠው እርሱን ነበር። ግን እንዝርት ይሾራል፤ የፊት ጎማው ዘንግ አይሾርም። የሚዞረው በኩሽኔታዎቹ ላይ የተቀመጠው ታምቡር ነው። በቮልስዋገን የግራው ዘንግ መሐሉ ክፍት ሲሆን የፍጥነት መለኪያው ገመድ በውስጡ ያልፋል፤ ገመዱን የሚያዞረው ከታምቡሩ ጋር የሚሽከረከረው ክዳን ነው። ዘንጉ ራሱ የሚዞር ቢሆን ይህ አሠራር ትርጉም አይኖረውም ነበር። ስለዚህ ስለ መዞር ምንም የማይናገረው «የፊት ጎማ ዘንግ» ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው ዋናው ፋብሪካ ላልሠራው ዕቃ ስም ማግኘት ነው። በገበያ «ኦሪጂናል» ያልሆነው ሁሉ በቀላሉ «ፎርጅድ» ይባላል። ነገር ግን በራሱ ስም በግልጽ የሚሸጥ የሌላ አምራች ታምቡር ሐሰተኛ አይደለም፤ ልኩ ግን መመርመር አለበት። የውስጥ ገጹ ከኩሽኔታው መቀመጫ ጋር አንድ ማዕከል ከሌለው ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ቶርኖ መላክም ግድ ይሆናል። «ሐሰተኛ» ብሎ የሚተረጉም ደኅናውን ዕቃ ያስጥላል፤ ዝም ብሎ «መለዋወጫ» የሚል ደግሞ ምርመራውን ያስዘልላል። «የሌላ አምራች መለዋወጫ» ቢባል ሁለቱንም ያስቀራል። «መለዋወጫ» ከአማርኛ ግስ የወጣ፣ በአቃቂ በፋብሪካ ስም ላይ ሳይቀር የተጻፈ ቃል ነው፤ አገርኛ ስያሜም ከሥራው ጋር ከተስማማ እንደሚጸና ይመሰክራል።

የዚህ ሁሉ መለኪያ አንድ ነው፤ ቃሉ ሲጠራ ትክክለኛው ዕቃ በትክክለኛው እጅ ይገኛል ወይ? ፍሬን፣ ሸራና ታምቡር ፈተናውን ካለፉ ቈይተዋል፤ የኛ ድርሻ ታሪካቸውን መዝግቦ መጠበቅ ነው። «የግራ ጥርስ» ግን ወደቀ። በታረመው መመሪያ ላይ አሁን የሚነበበው «የግራው ጎማ ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል» የሚል ነው። ሐረጉ ረዝሟል፤ ጥርሱ ግን አይበላም።