ከቁስቋም እስከ ማራኪ፦ የታመመ ልጅ ያለበት ቤት በር

ጎንደር ላይ ሰው ታሞ የተኛበት ቤት በር አይዘጋም። ይሄን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። "ተኛ" ከተባለበት ዕለት ጀምሮ ጠያቂ ይጎርፋል። ብርቱካን ያንጠለጠለ አለ፣ ሙዝ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚሄድም አለ። ቡና ይፈላል፣ እንደገና ይፈላል። የታመመው ልጅ ከሆነማ የገባው ሁሉ ጉንጩን ሳይስም አይወጣም። ጠያቂ ያላየ በሽተኛ "ሰው የለውም" ይባላል። እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ድህነት የለም።

እስቲ አሁን አንድ ቤት እናስብ። ማራኪ አካባቢ ይሁን፣ አዘዞም ሊሆን ይችላል። የ4 ዓመት ልጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ከወራት በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ኩላሊቱን የሰጠው አባቱ ነው። እናት ከሐኪም የተቀበለችው ትእዛዝ ረጅም ነው፤ ሰው አይብዛበት፣ ጉንፋን የያዘው አይጠጋው፣ አይሳም፣ ጥሬ ነገር አይብላ፣ መድኃኒቱ ሰዓቱን አይለፍ። በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት ነው፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነው፣ የአባት አክስት ከደባርቅ መጥታለች። እናት ምን ትበል?

ዛሬ የማወራችሁ የዚህን በር ታሪክ ነው። ጎንደር ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ የመጀመሪያው አይደለም።

በ1762 ዓ.ም. የካቲት ላይ (በፈረንጆቹ 1770) ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። የመጣው የአባይን ምንጭ ፍለጋ ነበር። ሐኪም አልነበረም፤ መድኃኒት ይዞ ስለሚዞርና ጥቂት ስለሚያውቅ ግን ሐኪም ተብሎ ነው የሚታየው። በዚያ ሰሞን ፈንጣጣ እቴጌ ምንትዋብ የሚኖሩበት የቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ነበር። የእቴጌዋ ልጅ ወይዘሮ አስቴር፣ የራስ ሚካኤል ስሑል ባለቤት፣ ልጃቸው ክንፉ ታሞባቸዋል። ብሩስ ተጠራ።

ራሱ እንደጻፈው፣ ሲገባ ያገኘው ቤት ድርግም ተደርጎ የተዘጋ ነው። ነፋስ እንዳይገባ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፣ እሳት ይነዳል፣ ሻማ ይበራል፣ በሽተኞቹ ልብስ ተደራርቦባቸዋል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣሉ። ብሩስ አገልጋዮቹን ሥራ አስያዘ። በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ይህን ሥርዓት የተማረው ሐለብ ላይ ራስል ከሚባል ሐኪም ወዳጁ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ ከቤተ መንግሥቱ ልጆች የሞቱ አሉ። ክንፉ ግን ተረፈ።

ብሩስ ጉራ የማያንሰው ሰው ስለሆነ "እኔ አዳንሁት" የሚለውን እንለፈው። ለፈንጣጣ ያኔ መድኃኒት አልነበረውም፣ እስኪጠፋም ድረስ አልተገኘለትም። በክትባት ተከበበና ጠፋ እንጂ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተመዘገበው በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። በዚያ ቤት የተደረገው ሁሉ የቤት ሥራ ነበር። ማጠብ፣ ማጠን፣ መስኮት መክፈት፣ ማን እንደሚገባና ምን እንደሚጠጣ መወሰን። ያን ሁሉ የሠሩትም ስማቸው ያልተጻፈ የቁስቋም አገልጋዮች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሁለት መቶ ዓመት እንዝለል፤ ከተማዋን ግን አንለቅም። እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ከጎንደር በስተደቡብ ያለውን የደንቢያን ሜዳ መታው። ወደ 7,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በዓመቱ፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ በተገኘ ድጋፍ ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚህ ነው። የኮሌጁ ሐሳብ ለጊዜው አዲስ ነበር። ያሠለጠነው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነው፤ ሄልዝ ኦፊሰር፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ አብረው ገጠር ይወርዳሉ። ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ልምምድ ያደርጋሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ምንጩን ያያሉ፣ ሽንት ቤቱን ያያሉ፣ እናትን ያነጋግራሉ። በአጭሩ ሕክምናው በሽተኛው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደ ቤት ደጃፍ ሄደ።

እዚያው ዓመት ላይ፣ በታኅሣሥ ወር 1954፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ከአንድ ወንድም ወደ መንትያው ኩላሊት አዛወረ። በሰው ልጅ ታሪክ የተሳካ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። የተሳካውም ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው፤ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። መንትያ ለሌለን ለቀረነው ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረብን። በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት መጣና ነገሩ ተለወጠ። በ1989 ደግሞ አውስትራሊያ ብሪስቤን ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት እናት ከጉበቷ ቆርሳ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጇ ሰጠች። እንዲህ እያለ እናትና አባት ለልጃቸው አስታማሚ ብቻ መሆናቸው ቀረ፤ የአካሉ ምንጭም ሆኑ።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አግዘዋል። ሰጪው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሕፃን ልጅ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ዓይን ወደ ህንድ ነው የሚያየው፤ ቤት ይሸጣል፣ ዕቁብ ይወጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል። ገንዘቡ ሲሞላ ሰው ሁሉ "ተገላገሉ" ይላል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው።

ለምን? የልጁ ሰውነት የአባቱን ኩላሊት እንግዳ አድርጎ ነው የሚያየው። ነጭ የደም ሴሎቹ ሊያጠቁት ይነሳሉ። መድኃኒቱ እነዚህን ወታደሮች ያደክማል፤ ሲያደክማቸው ግን ለኩላሊቱ ብቻ አይደለም፣ ለኩፍኙም፣ ለጉድፉም፣ ለሳምባ ምቹም ነው። አብዝቶ ከወሰደ በሽታ ይገባል፣ አሳንሶ ከወሰደ ኩላሊቱ ይገፋል። ቤተሰቡ በዚህ ቀጭን ገመድ ላይ ነው የሚሄደው።

ዋናው መድኃኒት፣ ታክሮሊመስ፣ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። እዚህ ላይ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ያግዛል። ጠዋት 1 ሰዓት ከተሰጠ ማታም 1 ሰዓት ነው፤ ከፊደል በፊት ሰዓት የሚቆጥር ልጅ ይወጣዋል። ደም የሚቀዳ ዕለት ግን የጠዋቱ መድኃኒት ከደሙ በፊት አይሰጥም፣ መጠኑ በትክክል እንዲለካ።

ከዚያ ውሃው አለ። የአዋቂ ኩላሊት 10 ኪሎ ገደማ ባለው ሕፃን ሆድ ውስጥ መግባት ይችላል። ግን ትልቅ ስለሆነ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ መጠጣት አለበት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባት ጎንደር ይህ ማለት ሁልጊዜ የሞላ ጀሪካን፣ ሁልጊዜ የፈላ ውሃ ማለት ነው። ያን ጀሪካን ይሸከም የነበረው አባት ደግሞ ራሱ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገለት ለሳምንታት ከባድ ነገር አያነሳም። እርጎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ጥሬ ሥጋ ለልጁ ክልክል ነው። ጠበል የእምነት ነገር ነው፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ልጁ ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጣ ነው። "ለኩላሊት ይሆናል" ተብሎ የሚመጣ ሥራ ሥርም መድኃኒቱን ሊያዛባው ስለሚችል ለሐኪም ሳይነገር አይሰጥም።

ክትባት የመጣ ጊዜም እናት ነቅታ መጠበቅ አለባት። የፖሊዮ ጠብታና የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ተህዋስ ስላለባቸው ለዚህ ልጅ አይሰጡም። በዘመቻ ቤት ለቤት የሚዞሩት ባለሙያዎች በሩን ሲያንኳኩ "የኔ ልጅ ንቅለ ተከላ አለው" ማለት የእናት ፋንታ ነው። ወንድምና እህቶቹ ግን ይከተቡ፤ ፖሊዮውን ቢቻል በመርፌ። እነሱ ኩፍኝ ካልያዛቸው ለእሱም አያመጡበትም።

ጉንጩም ይነፋል። ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ፊትን ያድቦለቡላል፣ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። መንደርተኛው "ውይ ተመቸው፣ ወፈረ!" ይላል። ሴት አያት "ቡዳ እንዳይበላብኝ" ብላ ትሸፍነዋለች። ታላቅ እህቱ ደግሞ "ለኔ ማን ውሃ አፍልቶልኝ ያውቃል?" ብላ በሆዷ ትይዛለች። ይቺንም ልጅ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ በሰላም ቀን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲጀመር መንገድ ተዘግቶ፣ የጎንደር በረራም ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በየ12 ሰዓቱ መድኃኒት ለሚቆጥር ቤት የተዘጋ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከደባርቅ ወይም ከጃን አሞራ ለሚመጣ ደግሞ ጎንደር ራሷ ሩቅ ናት። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ግማሹ ላይ ሲደርስ ፍለጋ የሚጀመረው ለዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

እንግዲህ ወደ በሩ እንመለስ።

እውነቱን እንናገር፣ ልጅ ከቤት አለማውጣቱን እናውቅበታለን። አራስና ጨቅላ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስከ ክርስትና ይጠበቃሉ። ኩፍኝ የያዘው ልጅም ቤት ውስጥ ይቆያል። የማንችልበት እንግዳ መመለሱን ነው። ከውጭ ሲታይ ትዕቢት ይመስላል፤ "ህንድ ደርሳ መጣችና ሰው ናቀች" ይባላል። እናትም ይህን ስለምታውቅ አንዳንዴ ታፍራለች፣ አፍራም ትከፍታለች። የሚያስነጥሰው ሰው ይገባል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ሸክም ከእናት ላይ ማንሳት ያለብን እኛ ነን፤ የልጁ አጎትና አክስት የሆንነው፣ ስልክ በእጃችን ያለው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ጉንፋን ከያዛችሁ ቅሩ፣ አይከፋችሁ። ከሄዳችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከጉንጩ ይልቅ ጫማውን ሳሙለት። ብርቱካኑን ተዉትና ሁለት ጀሪካን ውሃ ሙሉ። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ "መድኃኒት ላምጣ?" በሉ። ለእናትየው ሳይሆን በር ላይ ለሚመጣው ሌላ ጠያቂ "ሐኪም ከልክሏል፣ ደግ ነው ያለው" የምትሉት እናንተ ሁኑ። ለታላቅ እህቱም አንድ ከረሜላ አትርሱ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ካለፉና መድኃኒቱ ከቀነሰ በኋላ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ ይወርዳል። በኋላ ላይ፣ 15 እና 16 ዓመት ሲሞላው፣ ሌላ አደጋ አለ፤ በዚያ ዕድሜ ልጆች "ድኛለሁ" ብለው መድኃኒት መዝለል ስለሚጀምሩ ብዙ ኩላሊት የሚጠፋው ያኔ ነው። ያኔ እናት ሳትሆን ጓደኛ ነው "ሰዓትህ ደረሰ" የሚለው።

በ1762 ዓ.ም. የቁስቋምን ክፍሎች ያጠቡት አገልጋዮች ስማቸው አልተጻፈም። በማራኪ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጠያቂ የሚመልሰው ጎረቤትም ስሙ አይጻፍም። ልጁ ግን ያድጋል።